ሰባት ቤት የሚቆጥረው ድረ ገጽ

አባቴ ያርጋል ስሙን የሚጠይቀውን ሰው አይወድም። ስሙን ጠይቆ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውንማ ጭራሽ ማየት አይፈልግም። ለክትባት የመጣች ነርስ፣ ለሕዝብ ቆጠራ የመጣ አስተማሪ፣ ስለ ማዳበሪያ የሚጠይቅ የግብርና ሠራተኛ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። «ምን ፈልገው ነው?» ይላል። ምክንያቱን ሲነግሩት ደግሞ «እሱንማ ሰማሁ፤ ምን ፈልገው ነው?» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ በዚህ ጠባዩ ስበሳጭ ነው ያደግሁት። ደባርቅ ከተማ ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ስጀምር እንኳ «የሰው መታወቂያ ስታባዢ አንዳንዱን ለእነሱ ታስቀሪያለሽ አሉ» አለኝ። እነሱ እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ነሽ የምታውቂ» ብሎኝ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

ዓለምብርሃን በእናቴ በኩል የአክስቴ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማር ነበር። ክረምት ላይ ደባርቅ ሲመጣ ኢንተርኔት ያለው እኛ ሱቅ ስለሆነ፣ ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፎ ገብቶ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ጠርቶኝ የራሱን ድረ ገጽ አሳየኝ። መጀመሪያ የምታየው የእሱን ፎቶ ነው፤ እጁን አጣምሮ፣ ከኋላው የስሜን ተራራ፣ ፊቱ እንደ ሚኒስትር ኮስተር ብሏል። ከፎቶው በታች «ስለ እኔ»፣ «ሥራዎቼ»፣ «ያግኙኝ» የሚል ተጽፏል።

«ማን ሊያገኝህ ነው?» አልኩት።

«ቀጣሪ ነዋ! ዲግሪ ሁሉም አለው። እኔ ምን ሠርተህ ታውቃለህ ሲሉኝ ይኸው እላለሁ።»

ሥራዎቹ ሁሉም የሰመሩለት አልነበሩም። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደል ገደል የምትዘልበት ጨዋታ ነበረው፤ ጭላዳዋ መዝለል እንጂ ማረፍ አልቻለችም። የደባርቅና የጎንደር መኪና መነሻ ሰዓት የሚናገርም ሠርቶ ነበር። መኪናችን የሚነሣው ሲሞላ እንደሆነ ከረዳቶቹ አንዱን ቢጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ድካም ባልደከመ። የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫው ግን ደህና ይሠራል፤ ዲያቆናቱ ሳይቀሩ ሱቃችን እየመጡ ያዩት ነበር።

ከሁሉም የሚኮራበት «ሰባት ቤት» ያለውን ነው። በእኛ አገር ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትውልድ ይቆጥራሉ። በአባትም በእናትም፣ ሰባት ቤት ድረስ ወደ ኋላ እየሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙበት አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ዓለምብርሃን ይህን ለኮምፒዩተር አስተማረው። የሁለት ሰው ስም ስታስገባ ቆጥሮ ይነግርሃል። የጎደለው ስም ብቻ ነበር፤ ስሙ ያለው ደግሞ በሽማግሌዎች አእምሮ ውስጥ ነው፤ እነሱ በየወሩ ይሞታሉ።

ነገሩን ወደድኩት። «ትውልድ መቁጠርማ አባቴን የሚያህል የለም፤ ና ውሰድ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዓለምብርሃን መጣ፤ ላፕቶፑን ገብስ በሞላ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ከፈተ። አባቴ ማሽኑን እንደ ባዕድ ውሻ ራቅ ብሎ ያየዋል። እናቴ አገርነሽ ጠላ ቀዳችላቸው።

«ጋሼ ያርጋል፣ የአያትዎ አባት ማን ይባላሉ?»

«ምን ሊያደርግልህ ነው?»

«ድረ ገጼ ላይ ላስገባው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማንኛውም ሰው፣ የትም አገር ሆኖ፣ ሊያየው ይችላል።»

ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር፤ የምሥራች የነገረው መስሎታል። አባቴ ጠላውን ጨለጠ። ከዚያ እንግዳ ነገር ሆነ፤ ደግ ሆነ። ፈገግ አለ። «ጻፍ» አለው። «እኔ የደርቤ ልጅ ነኝ። ደርቤ የኪዳነ ማርያም ልጅ ነው። ኪዳነ ማርያምን የወለደ ገብረ ክርስቶስ ነው፤ ከጃናሞራ ነው የመጣው። የዚያ ዘር ነን።» በእናቱ በኩልም ሳይሰለች ቆጠረለት። ዓለምብርሃን ጣቱ እስኪዝል ጻፈ። ፎቶ ሲጠይቀው ብቻ «እሱን ተወው» አለ።

እኔ በአባቴ ኮራሁ። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል አልኩ በልቤ። ሞኝ ነበርኩ።

በዓመቱ ዋሴን አገኘሁት። ዳባት የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። የትምህርት ቤታቸው ማባዣ ተበላሽቶ የፈተና ወረቀት ሊያባዛ እኛ ሱቅ መጣ። ማባዣው ከተጠገነም በኋላ መምጣቱን አልተወም፤ አንድ ገጽ ለማባዛት ከዳባት ደባርቅ የሚመጣ አስተማሪ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ወደድኩት። ሳልወድ በግዴ ተሸነፍኩ አልልም፤ ዐውቄ፣ ፈቅጄ ወደድኩት።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ላከ። በእነሱ ወገን ዋናው የዋሴ አጎት መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ፤ ዳባት ቅኔ የሚያስተምሩ፣ የሰው ትውልድ እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሲቆጥሩ ዋሉ። በማታው እናቴ «ምንም አትነካኩም፣ እሰይ ልጄ!» ብላ ሳመችኝ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እናቴ ጌሾዋን ገዛች፤ ብቅሏን አበቀለች።

ታኅሣሥ ገብቶ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቅ ሳለሁ ዋሴ ደወለ። ሳቅ እየቀደመው ነበር የጀመረው። መምህራኑ የዓለምብርሃንን ድረ ገጽ ከፍተው ሲጫወቱ እሱም የእኛን ስም አስገብቶ ኖሯል። ወሬው መሐል ላይ ሳቁ ጠፋ።

«ሕሊና፣ የአባትሽ ቅድመ አያት ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ምነው?»

«ክፈችውና እይው።»

የሱቁን ኮምፒዩተር ከፈትኩ። የኔንና የእሱን ስም ጻፍኩ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና በቀይ ጻፈልኝ፤ ዝምድና ተገኝቷል። በሕሊና በኩል አራተኛ ቤት፣ በዋሴ በኩል አምስተኛ ቤት። የጋራ አያት ገብረ ክርስቶስ፣ ጃናሞራ። የዋሴን ወገን ለዓለምብርሃን የቆጠሩለት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። አንድ ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን ዘርግቶ «እህት፣ ሁለት ኮፒ» ይለኛል፤ አይሰማኝም።

ሥራዬን ጥዬ ቤት ሄድኩ። አባቴ አውድማ ላይ ገብሱን እያበራየ ነበር። መንሹን ሳያስቀምጥ ሰማኝ። እኔ ደንግጦ ይቀመጣል ብዬ ስጠብቅ ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

«እንዴ! እሱን'ኮ እኔ ነኝ የፈጠርሁት!»

«ምኑን?»

«ገብረ ክርስቶስን። የኪዳነ ማርያም አባት ያየህ ነው። ለሽማግሎቹ ያየህ ብዬ ነው የቆጠርሁ። ለዚያ ለአክስትሽ ልጅ ግን ገብረ ክርስቶስ አልሁት።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ቁጣዬ መሐል እንኳ ገባኝ። በአባቴ አገር ትውልድ የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ አልነበረም፤ ለርስትም ነበር። በአባቱ ዘመን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ መቁጠር የቻለ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ መሬት ይካፈላል። አያቴ ደርቤ ዕድሜውን የጨረሰው ጎንደር ችሎት ደጅ ነው፤ አንድ የማያውቀው ሰው መጥቶ «የያየህ ዘር ነኝ» ስላለ። ርስት ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው፤ ግን መሬት መሸንሸኑ አልቀረም። የመሬት ሽግሽግ በተባለው ጊዜ ከአባቴ ማሳ ተቆርጦ ለሌላ ተሰጥቷል፤ አሁን ደግሞ ከተማው ወደ እኛ እየሰፋ ነው። ስለዚህ «ትውልድዎን ይቁጠሩልኝ» ያለው ሰው ለአባቴ «መሬትዎን ያሳዩኝ» ያለው ነው። እሱም የትም አገር ሆኖ እንዲታይ!

«እና ስሙን ከየት አመጣኸው?»

«በልጅነቴ የጃናሞራ ነጋዶች እኛ ቤት ያድሩ ነበር። የገብረ ክርስቶስን ስም ሲያነሱ እሰማለሁ። ባዶ ስም ብሰጠው ይጠረጥራል፤ የነበረ ሰው ሰጠሁት። መሬቴን የፈለገ እዚያ ገደል ለገደል ሲፈልግ ይክረም ብዬ ነዋ!»

በብልሃቱ አሁንም ደስ ብሎት ነበር። ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። «ሠርጌን ገደልከው» አልኩት። መንሹን ያስቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

ከአውድማው ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ስም አለኝ፤ ያየህና ገብረ ክርስቶስ። ለዓለምብርሃን ሲናገር ላግባ የምትል ልጅ አልነበረችውም። ለሽማግሌዎች ሲናገር ግን ነበረችው፤ ልጁ ዋሴን እንደምትወድ ያውቃል፣ የድግሱ እህል እንኳ ታስቦበታል። የዋሸው ያኔ ነው ወይስ በኋላ? እናቴን ጓዳ ይዤ ጠየቅኋት።

«አባትሽ?» አለች፣ ብቅሏን እያገላበጠች። «ለእኔ ዕድሜውን እንኳ እውነቱን ነግሮኝ አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ዋሴ አልመጣም፤ ወጉም አይደለም። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ጓዳ አልተደበቅሁም፤ ጠላውን ራሴ ይዤ ገብቼ እዚያው ቆምኩ። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አባቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አቶ ያርጋል፣ ሁለት ቅድመ አያት አለዎት ተብለናል። የትኛውን እንያዝ?»

አባቴ ሁሉንም ተናገረ። ችሎቱን፣ ሽግሽጉን፣ የጃናሞራ ነጋዶችን። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል አሳበበ። መሪጌታ አልሳቁም።

«የሐሰቱን የተናገሩት ሠርግ ባልነበረ ጊዜ ነው። የእውነቱን የተናገሩት ሠርግ በመጣ ጊዜ። ሰው ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው የትኛው ያጋድላል ይላሉ?»

ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጠረጥር የኖረው አባቴ ተጠርጥሮ ያየሁት ያን ቀን ነው። «በታቦት እምላለሁ» ብሎ ተነሣ።

«ይቀመጡ» አሉት መሪጌታ። «መሐላ አልጠየቅሁም።» ጠላቸውን ቀመሱ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አማቾቹ ፊት ቆሞ ‹እኔ ውሸታም ነኝ› የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ለመዋሸት የፈለገ ከዚህ የሚያምር ውሸት አያጣም። ደግሞ የገብረ ክርስቶስን ልጆች እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ኪዳነ ማርያም የሚባል አልሰማሁም። እኔ አምኛለሁ። ያ ልጅ ግን ከዚያ ማሽን ላይ ያስተካክለው፤ ነገ ሌላውን ያሳስታል።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ የገና ጾም መሆኑን አስታውሳ ዘጋችው። እኔ የመሪጌታን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። በዚያች ሰዓት አባቴን ይቅር አልኩት፤ ደግሜ ጠርጥሬውም አላውቅም።

ዓለምብርሃን ጎንደር ነበር። በስልክ ስነግረው ተንገበገበ። «ሥራዬን'ኮ ነው ያበላሹብኝ! ስንቱ ነው እንዲህ የዋሸኝ? የዳባቱስ? የቡይት ራስ መንደሩስ? ሁሉም መሬት አለው!» ለእሱም አዘንኩ፤ አንድ ክረምት ሙሉ በጭቃ እየተመላለሰ የለቀመው የአያት ስም ሁሉ ስንዴው ከእንክርዳዱ የማይለይ ሆነበት። እያጉረመረመ አስተካከለው። ገብረ ክርስቶስን አውጥቶ ያየህን አስገባ። ከዚያ መልሶ ደወለልኝ።

«ሕሊና፣ አንድ ነገር አለ። ከገጹ ሥር መረጃው መቼ እንደተለወጠ ራሱ ይጽፋል። እንዲያ ነው የሠራሁት፤ ሰው እንዲያምነው ብዬ። ላጥፋው እንዴ?»

አሰብኩ። የሚደብቅ ሰው ቤት አድጌ መደበቅ ሰልችቶኛል።

«ተወው» አልኩት። «የምንደብቀው የለንም።»

ዋሴ ቅዳሜ መጣ። ገበያ ስለሆነ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ፊቱን ሳየው ልቤ ሞቀ፤ ወንበሬን ለቅቄለት ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥሁት። ስማችንን ራሱ ጻፈ። በአረንጓዴ መጣ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም። ትከሻውን ነካሁት። «አየህ?» አልኩት።

አላየኝም። ገጹን ወደ ታች አወረደው፤ እስከ መጨረሻው።

«ሐሙስ ነው የተለወጠው» አለ።

«አዎ። መሪጌታ አስተካክሉት ብለው።»

«ማነው የለወጠው?»

«ዓለምብርሃን ነዋ።»

«የአክስትሽ ልጅ።»

«የአክስቴ ልጅ። ምነው?»

«ምንም። ባለፈው ሳምንት ዘመድ ነበርን፤ ዛሬ አይደለንም። መሐል ላይ አንድ ሰው ጣቱን አንቀሳቀሰ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ሕሊና፤ ልጅ ቢታመም ለራሴ ምን እላለሁ?»

«አጎትህ'ኮ አምነዋል።»

«እሳቸው ደግ ሰው ናቸው።»

አንዲት ሴትዮ የልጇን የልደት ካርድ ይዛ ከኋላችን ቆማለች። «ትንሽ ይጠብቁኝ እናቴ» አልኳት። ከዚያ ዋሴን አየሁት። የምወደው ፊት ነው፤ ምንም አልተለወጠም። እኔ ግን ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ እንዳለ ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ።

«ዋሴ፣ ሽማግሌ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ስማችንን ለምን አስገባህ?»

«ለጨዋታ ነው አልኩሽ'ኮ። ከመምህራኑ ጋር።»

«ለጨዋታ ያስገባኸውን ለምን በጨዋታ አላለፍከውም?»

አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ግን አልሳቀም። እንዲቆጣ ጠበቅሁ። ቢቆጣ፣ ጠረጴዛውን ቢመታ፣ «እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ!» ቢለኝ፣ ሴትዮዋ ፊት አንገቱን አቅፌ ይቅርታ እለው ነበር። አልተቆጣም። የኮምፒዩተሩን ማውስ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ ነፍሴን እሰጥ ነበር። ምናልባት እውነት ፈርቶ ነው፤ ምናልባት ጥቅምት ላይ ነው ሐሳቡን የለወጠው፤ ምናልባት ዳባት ሌላ አለች። ከአንዱ ወደ አንዱ ስዘል አንዱም ላይ ማረፍ አቃተኝ።

«እንግዲያው» አልኩት፣ «ሠርጉ ይቅር ካልክ ለመሪጌታ አንተው ንገራቸው። እኔም አባቴም አንነግራቸውም።»

«እሺ» አለኝ።

ቢያንስ ትንሽ ያስባል ብዬ ነበር።